ዩ-505፦ ስለ ተማረከችው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተረትና እውነታ

የሁለተኛው ዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ሲነሱ የብዙዎቻችን እውቀት ከፊልም የተቀዳ ነው። ዛሬ ቺካጎ ሙዚየም ውስጥ የምትጎበኘው ዩ-505 ደግሞ ተረትም እውነትም አብረው የሚነገሩባት ናት። እስኪ እንለያቸው። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት 1፦ ሰርጓጅ መርከብ ውላ የምታድረው ከውኃ በታች ነው።

እውነታው፦ የዚያ ዘመን ሰርጓጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዙት በውኃው ገጽ ላይ ነበር። ዩ-505 በውኃው ገጽ ላይ ስትሆን በናፍጣ ሞተር በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች፤ ስትሰርግ ግን በባትሪ ስለሆነ ፍጥነቷ ከ14 አያልፍም። ባትሪው ሲደክም ለመሙላት መውጣት ግድ ነው፤ አውሮፕላን የሚያገኛትም ያኔ ነው። ኖቬምበር 1942 ትሪኒዳድ አቅራቢያ የእንግሊዝ አውሮፕላን የጣለው ቦምብ መርከቧ ላይ ሲፈነዳ፣ ፍንዳታው አውሮፕላኑን ራሱን ጣለው። ዩ-505 ክፉኛ ተጎድታ ፈረንሳይ ውስጥ ወዳለው የሎሪያን ወደብ እንደምንም ተመለሰች።

ተረት 2፦ ባሕሩን ያንቀጠቀጠች አዳኝ ነበረች።

እውነታው፦ በጦርነቱ ሁሉ ያሰጠመችው 8 መርከብ ነው፤ 7ቱን በመጀመሪያው አዛዥ በአክሰል-ኦላፍ ሎቨ ዘመን። ከ1942 በኋላ አንድም አላሰጠመችም። ከጥገና በኋላ ደጋግማ ብትወጣም፣ የወደቡ ፈረንሳውያን ሠራተኞች ሆን ብለው ያበላሹት ዕቃ እየከዳት ትመለስ ነበር። ኦክቶበር 1943 የጥልቀት ቦምብ ሲወርድባት ሁለተኛው አዛዥ ፔተር ቼክ እዚያው መርከቧ ውስጥ ራሱን አጠፋ። ወደ ወደብ የመለሳት ምክትሉ ነው።

ተረት 3፦ የኢኒግማ (የጀርመን የመልእክት ማመስጠሪያ መሣሪያ) ምስጢር የተፈታው አሜሪካኖች ሰርጓጅ ስለማረኩ ነው።

እውነታው፦ ይህን ያስፋፋው በ2000 የወጣው “ዩ-571” የተሰኘው ፊልም ነው። እውነተኛዋ ዩ-571 ግን ተማርካ አታውቅም፤ በ1944 በአውሮፕላን ተመትታ ሰጠመች። ኢኒግማን መጀመሪያ የፈቱት የፖላንድ የሒሳብ ሊቃውንት ናቸው፣ በ1932። ሜይ 1941 ዩ-110ን ይዘው መሣሪያውንና የምስጢር መጻሕፍቱን ያገኙትም እንግሊዞች ናቸው፤ አሜሪካ ያኔ ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም ነበር። ዩ-505 ስትማረክ የጀርመን መልእክት ሲነበብ ቆይቶ ነበር። ከእርሷ የተገኙት የምስጢር መጻሕፍት ሥራውን አፋጠኑት እንጂ አላስጀመሩትም።

ተረት 4፦ ሠራተኞቿ እስከ መጨረሻው ተዋግተው እጅ ሰጡ።

እውነታው፦ ጁን 4 ቀን 1944 ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ማዶ የአሜሪካዊው ካፒቴን ዳንኤል ጋለሪ ጓድ መርከቦች በጥልቀት ቦምብ ሲመቷት፣ አዛዧ ሃራልድ ላንገ ወደ ላይ አውጥቶ ሠራተኞቹ እንዲለቁ አዘዘ። እነርሱም እንድትሰጥም ውኃ ማስገቢያዋን ከፍተው ባሕር ውስጥ ዘለሉ። ሞተሯ ግን አልጠፋም፤ መሪዋ ተቆልፎ ባዶዋን ክብ እየሠራች ትዞር ነበር። በሌተናንት አልበርት ዴቪድ የተመሩት አሜሪካውያን ፈንጂ ይኖራል ብለው እየሠጉ ወደ ውስጥ ወረዱ። ውኃው ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ክዳኑ ወድቆ አገኙትና መልሰው ገጠሙት። መርከቧ ዳነች፤ ተጎትታም ቤርሙዳ ገባች። ጀርመን እንዳትነቃና ምስጢሯን እንዳትቀይር ወሬው ጦርነቱ እስኪያበቃ ታፈነ፤ ምርኮኞቹም ሉዊዚያና ውስጥ ከሌሎች ተለይተው ተያዙ።

ተረት 5፦ ዩ-505 ዕድለ ቢስ መርከብ ነበረች።

እውነታው፦ በጀርመን ሰርጓጆች ከዘመቱት ወደ 40,000 ሰዎች 30,000 ያህሉ አልተመለሱም። በተማረከችበት ቀን ዩ-505 ውስጥ ከነበሩት 59 ሰዎች የሞተው አንድ ብቻ ነው፤ 58ቱ ከጦርነቱ በሕይወት ወጡ። ለጀርመን ባሕር ኃይል ኪሳራ ብትሆንም፣ ለሠራተኞቿ ከእርሷ የተሻለ ዕድል የገጠማቸው ሰርጓጆች ጥቂት ናቸው።