ከማሳ እስከ ጎተራ፦ የስሜን ግርጌ ተባዮችና መከላከያቸው

ደባርቅና ዳባት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጡ የደጋ ከተሞች ናቸው። ብርዱ ለገበሬው አንድ ውለታ ይውልለታል። የጎተራ ነፍሳት ሙቀቱ ወደ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ መራባታቸው ስለሚዳከም ነቀዝ እንደ ቆላው አይፈላም። ወደ አዲአርቃይ ሲወረድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ትልቅ እገዛ ነው፤ ውስጡ የቀረው ነቀዝ ያለውን ኦክስጅን ጨርሶ ራሱ ይሞታል። ብዙዎች የሚመርጡት የፎስቶክሲን ክኒን ግን ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ የሚወጣው ጋዝ ነቀዝንና ሕፃንን አይለይም።

በማሳ ላይ ዝናብ ሲያጥር ክሽክሽ ገብሱን ይመጠዋል። ተምችና አንበጣ በየዓመቱ ባይመጡም በመጡ ጊዜ የአንድ ወረዳ አቅም አይመክታቸውም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የተነሳው የበረሃ አንበጣ ለዚህ ቅርብ ምስክር ነው።

በእኔ እይታ በደጋው ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው አይጥ ነው። ገብሱ ሲያሸት ዛላውን ቆርጦ ወደ ጉድጓዱ ይጎትታል፤ ታጭዶ ሲከመር ክምሩ ውስጥ ይወልዳል፤ እህሉ ተወቅቶ ሲገባ ተከትሎ ጎተራ ይገባል። ከሚበላው በላይ በሽንቱና በኩሱ ያበላሻል፤ በሽታም ያስተላልፋል። ጥሩው መከላከያ ውድ አይደለም። የማሳውን ድንበር ከሣርና ከቁጥቋጦ ማጽዳት፣ ክምሩን ሳያቆዩ መውቃት፣ ጎተራውን ከመሬት ከፍ አድርጎ ማቆምና አይጥ እንዳይወጣባቸው እግሮቹን በቆርቆሮ ማልበስ ነው። ይህ ሥራ የሚረዳው ግን ጎረቤታሞች በአንድ ሰሞን ሲሠሩት ነው፤ አንዱ ቢያጸዳና ሌላው ቢተው አይጡ ድንበር ተሻግሮ ይመለሳል።

ብዙ ጊዜ የሚቀድመው መርዝ ነው። ዚንክ ፎስፋይድ በአይጡ ሆድ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ገዳይ ጋዝ ይፈጥራል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት መርዞች ደግሞ ቀስ ብለው ስለሚገድሉ የተመረዘው አይጥ ለቀናት እየተንገዳገደ ይቆያል፤ ድመት፣ ጉጉትና ጭልፊት በቀላሉ ይይዙትና መርዙ ወደ እነርሱ ያልፋል። በስሜን ይህ ተራ ጉዳት አይደለም። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ በእነዚሁ ተራሮች ላይም ይኖራል፤ ምግቡም በአብዛኛው አይጥ ነው። በመላ አገሪቱ የቀሩት አዋቂዎቹ ወደ 500 ገደማ ብቻ ናቸው። አይጥን ያለ ደመወዝ የሚያድን አውሬ ከላይ እያለ ከታች መርዝ መበተን የሚያሳዝን ኪሣራ ነው።

በዘር የሚገባው ተባይ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዓለም ዙሪያ በባሕር ውኃ ገንዳ ኮራል የሚያረቡ ሰዎች አዲስ ኮራል ሲገዙ ከዋናው ገንዳ አይጨምሩትም፤ ተጣብቆበት የመጣ ተባይ ካለ እንዲታይ ለሳምንታት ለብቻው ያቆዩታል። አንዴ ከገባ ማስወጣቱ እጅግ አድካሚ ነውና። ለድንችና ለነጭ ሽንኩርትም ይኸው ይሠራል። ነጭ ሽንኩርትን ከሥሩ የሚያበሰብሰው ፈንገስ ፍሬዎቹን አፈር ውስጥ ጥሎ ሰብሉ ባይዘራም እስከ 20 ዓመት ሊጠብቅ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለትና ሦስት ዓመት ሰብል ማፈራረቅ አያጠፋውም። ከማይታወቅ ማሳ የመጣን የገበያ ዘር ዋናው መሬት ላይ ከመትከል በፊት በትንሽ መደብ መሞከር ይሻላል።

የቀረው ጭላዳ ነው። ሣር በል ቢሆንም ማሳው ግጦሹን ሲነካ ገብሱን አይምርም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሟል፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ጭላዳን መግደልም ክልክል ነው። ስለዚህ የሚቀረው ጥበቃ ነው፦ ወንጭፍ፣ ጅራፍ፣ ጩኸትና ውሻ። መከሩ የሚደርሰው ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ወቅት ስለሆነ የጥበቃው ሸክም በልጆች ላይ ይወድቃል።

ውሻው ደግሞ የራሱን አደጋ ይዞ ይወጣል። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በአንድ ሸለቆ የነበሩትን ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨርሷል፤ የተገታውም ቀበሮዎቹን ራሳቸውን በመከተብ ነበር። በስሜንም የውሾች ክትባት ከመከር በፊት፣ ውሾቹ ወደ ተራራው ማሳ ከመውጣታቸው አስቀድሞ መሰጠት አለበት። የሰብል ጥበቃ ባለሙያውና የእንስሳት ሐኪሙ በአንድ ቀን ወደ አንድ ቀበሌ ቢወጡ ሁለቱም ሥራ ይቃለላል።