ልጁን ያከሳው ሕመሙ ብቻ ነውን?

በጫሞ ሐይቅ አቅራቢያ ከሚገኝ ቀበሌ የመጣች እናት የአራት ዓመት ልጇን አቅፋ ከፊቴ ተቀመጠች። ልጁ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት፤ አንገቱን ማጽናት፣ መቀመጥና ማኘክ ይቸግረዋል። ክብደቱ የአንድ ዓመት ሕፃን ያህል ነበር።

«ዶክተር፣ በሽታው ነው ያከሳው» አለችኝ።

«እስኪ እንደ ቤትሽ አብዪው» አልኳት። በጀርባው አስተኝታ ቀጭን የበቆሎ አጥሚት በማንኪያ ታፈስለት ጀመር። ልጁ ሳለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አብዛኛው አጥሚት በአገጩ ወረደ። ልጁ ርቦት ነበር።

ሴሬብራል ፓልሲ በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ ከወሊድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በሕፃንነት በሚደርስ ጉዳት የሚመጣ ችግር ነው። እርግማን አይደለም። ጉዳቱ የከንፈር፣ የምላስና የጉሮሮ ጡንቻዎችን ስለሚነካ መዋጥ ያስቸግራል። ምግብ ወደ አየር ቧንቧ ሲገባም ለሳንባ ምች ያጋልጣል።

እንዴት ይመገብ?

ልጁን ቀጥ አድርገን እንደግፈው። አንገቱ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ፣ አገጩም ጥቂት ወደ ደረቱ ዝቅ እንዲል እናድርግ። በትንሽ ማንኪያ እየሰጠን ውጦ እስኪጨርስ እንጠብቅ። ከበላ በኋላ ለ30 ደቂቃ ያህል ሳናስተኛው እናቆየው። እንቅልፍ ሲይዘው ወይም የሚጥል በሽታ ሲነሳበት በአፉ ምንም አንስጥ።

ምን ይብላ?

ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ኃይሉ አነስተኛ ነው፤ ቡላም ፕሮቲን ያንሰዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ መብላት ስለማይችል ጥቂቷ ጉርሻ ብዙ መያዝ አለባት። ለስላሳ ወፈር ያለ ገንፎ ላይ ወተት፣ እንቁላል ወይም የክክ ዱቄት እንጨምር። አጥንቱ በጥንቃቄ ተለቅሞ የላመ የጫሞ ዓሣ፣ የአርባ ምንጭ ሙዝና አቮካዶ፣ በደንብ የበሰለ ሽፈራው (ሀለኮ) በአካባቢያችን አሉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ብቻ 40 ያህል ኪሎ ካሎሪ ይጨምራል። በቀን ከ5 እስከ 6 ጊዜ ጥቂት ጥቂት እንስጠው፤ አንዱ ማዕድ ከ30 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ከሆነ ለሐኪም እንንገር።

መቼ ወደ ጤና ተቋም?

ሲበላ ዘወትር የሚስል፣ ድምፁ የሚያንቋርር፣ ሳንባ ምች የሚደጋገምበት ወይም ክብደቱ የማይጨምር ልጅ ሳይዘገይ ይመርመር። ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር ሆኖ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ አጣዳፊ ሕክምና ያስፈልገዋል። ክንዱን በቀበሌያችሁ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትለካዋለች። መዋጥ ጨርሶ ላቃተው ልጅ ምግብ በቱቦ የሚሰጥበት መንገድ አለ፤ ይህ የእናት ሽንፈት አይደለም። የሚጥል በሽታ መድኃኒትንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታቋርጡ።

ያቺ እናት ከሦስት ወር በኋላ ተመለሰች። ልጁ አሁንም አይራመድም፤ ነገር ግን ኪሎ ተኩል ጨምሯል፣ ሳሉም ቀንሷል። «ዶክተር፣ አሁን ማንኪያውን ሲያይ ይስቃል» አለችኝ። ሕመሙን ማጥፋት ባንችልም፣ ረሃቡን ግን ማስታገስ እንችላለን።