መምህሩ መልስ የማይሰጥበት ክፍል

ባለቤትዎ ውጭ አገር የጥርስ ሕክምና ትምህርት ጀመረች እንበል። አገር ቤት ሳለች ከክፍሏ አንደኛ ትወጣ ነበር። አሁን ግን አንድ ወር ሳይሞላት፣ ማታ ማታ ደብተሯን ከፍታ ትተክዛለች። «ምንም አልተማርኩም» ትላለች። ሰነፈች ብለው አይፍረዱ። የተለወጠባት የማስተማሪያው መንገድ ሊሆን ይችላል።

ብዙዎቻችን የተማርነው መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እየገለበጥን፣ ለፈተና እየሸመደድን ነው። በችግር ላይ የተመሠረተ ትምህርት ግን ሌላ መንገድ ይከተላል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1969 በካናዳ፣ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ተጀመረ። ወደ ጥርስ ሕክምናም ተሻግሮ በስዊድን ማልሞ በ1990፣ በሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1998 ሥራ ላይ ዋለ።

ክፍሉ ውስጥ ምን ይደረጋል?

ስምንት ያህል ተማሪዎች ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ። የአንድ ሕመምተኛ ታሪክ ይሰጣቸዋል፤ ለምሳሌ የስኳር በሽታ ያለባቸው፣ ድዳቸው የሚደማ፣ ሁለት ጥርሳቸው የተነቃነቀ የ54 ዓመት ሰው። አስቀድሞ የተሰጠ ማብራሪያ የለም። ተማሪዎቹ ከታሪኩ ያገኙትን ይዘረዝራሉ፤ ምክንያቱን ይገምታሉ፤ ከዚያም የማያውቁትን ይጽፋሉ። ድድ ለምን ይደማል? ስኳርንና ድድን ምን አገናኛቸው? ጥያቄዎቹን ይዘው ሄደው ያነባሉ፤ ከቀናት በኋላ ተመልሰው እርስ በርስ ያስረዳዳሉ። ያልተቆጣጠሩት ስኳር የድድን በሽታ እንደሚያባብስ፣ የታመመ ድድም በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር እንደሚያስቸግር የሚደርሱበት እንዲህ ነው። መምህሩ ይጠይቃል፣ መስመር ሲስቱ ይመልሳል እንጂ መልሱን አይሰጥም።

ለምን ይከብዳል?

በሰው ፊት «ይህን አላውቅም» ማለት ለጎበዝ ተማሪ ውርደት ይመስላል። በትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለትም ጨዋነት ነው ተብላ አድጋለች። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ግን ዝምታዋ አለመዘጋጀት መስሎ ይታያል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ሌላው ጭንቀት «ምን ያህል ባነብ ይበቃል?» የሚለው ነው። ጭንቀቱ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ያመዛዘነ ጽሑፍ እንዳሳየው፣ በዚህ መንገድ የተማሩ ሰዎች የሚይዙት እውቀት በመጠኑ ሊያንስ ይችላል። የያዙትን ግን የበለጠ ያስታውሳሉ፤ እውቀታቸውን ሥራ ላይ በማዋልም ይሻላሉ።

እርስዎ ምን ያድርጉ?

አንደኛ፣ ያድምጧት። የዕለቱን ጥያቄ በአማርኛ ታስረዳዎ። ካልገባዎት «አልገባኝም» ይበሉ። ማስረዳት ያቃታት ቦታ ነገ የምታነበው ነው።

ሁለተኛ፣ ለንባቡ ወሰን አብራችሁ አብጁለት። ጥያቄው ይጻፍ፣ ሰዓቱ ይወሰን፤ ከዚያ እራት ይበላ፣ ይተኛ።

ሦስተኛ፣ «የእገሌ ሚስት እኮ ጨርሳለች» አይበሏት። የተዘራ ቀን አይታጨድም።

አራተኛ፣ ግራ መጋባቱ ከቀጠለ ፈተና እስኪመጣ ሳትጠብቅ መምህሯን «የጎደለኝ ምንድን ነው?» ብላ እንድትጠይቅ ያበረታቷት።

ተማሪው ባልየው፣ አንባቢዋ ሚስት ብትሆኑም ምክሩ ያው ነው።

ነገ ሕክምናው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው የበሽታውን ስም ግንባሩ ላይ ጽፎ አይመጣም። ያን ዕለት ሐኪሟን የሚጠቅማት የማታውቀውን ለይቶ የመጠየቅ ልማድ ነው። ያ ልማድ ደግሞ ዛሬ፣ በእርስዎ ቤት፣ በእራት ጠረጴዛ ላይ ሊለመድ ይችላል።