ድርብርብ የኒኬል ኦክሳይድ ክሪስታሎች እንዴት ይሠራሉ?

ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ከጉልበቱ ከፊሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ እንደሚባክን ሁላችንም ተምረናል። ይህም የሚሆነው ሽቦው ለኤሌክትሪኩ መተላለፍ ተቃውሞ ስላለው ነው። በ1911 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካመርሊንግ ኦነስ የተባለው የሆላንድ ሊቅ በላይደን ከተማ ባዜቃን እስከ 4.2 ኬልቪን ድረስ ቢያቀዘቅዘው ተቃውሞው በድንገት ጠፋ። እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ነገር ሱፐርኮንዳክተር ይባላል። በ1986 ቤድኖርስና ሙለር በስዊስ አገር መዳብ ባለበት ኦክሳይድ ውስጥ ይህንኑ ጠባይ በ30 ኬልቪን አካባቢ አገኙ፤ በማግሥቱ ዓመትም ሌሎች ተመራማሪዎች በሌላ የመዳብ ኦክሳይድ ከ90 ኬልቪን በላይ አደረሱት። ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚፈላው በ77 ኬልቪን ስለ ሆነ ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር።

ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ መዳብ የሠራውን ሥራ ጎረቤቱ ኒኬል ሊሠራው አይችልምን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መልሱ እስከ 2019 ድረስ ዘግይቷል። ለመዘግየቱ ዋናው ምክንያት የሐሳብ እጥረት ሳይሆን ዕቃውን የመሥራት ችግር መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመዳብ ኦክሳይዶቹ ውስጥ መዳቡ ሁለት ኤሌክትሮን ሰጥቶ በዲ ምሕዋሩ ላይ 9 ይቀሩታል። መዳቡና ኦክሲጅኑም በጠፍጣፋ ንጣፍ ይዘረጋሉ፤ ንጣፎቹ ደግሞ በሞሰብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ተደራርበው ይገኛሉ። የኒኬል የአቶም ቁጥር 28፣ የመዳብ 29 ነው። እንግዲህ ኒኬል 9 እንዲቀሩት ከፈለግን አንድ ኤሌክትሮን ብቻ መስጠት አለበት። ኒኬል ግን በኦክሳይድ ውስጥ እንደ ልማዱ የሚሰጠው ሁለት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ የተፈለገውን ውሕድ ዱቄቶቹን ቀላቅሎ በእቶን በማጋል ብቻ ማግኘት አይቻልም።

ስለዚህ ሥራው በሁለት ደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ አንድ ኒዮዲሚየም፣ አንድ ኒኬልና ሦስት ኦክሲጅን ያለበት ክሪስታል ይሠራል። በዚህ ውስጥ እያንዳንዱ ኒኬል በስድስት ኦክሲጅን ተከቧል፤ አራቱ በጎኑ፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ናቸው። ቀጥሎ የላይኛውና የታችኛው ኦክሲጅን ብቻ ይወጣሉ፤ ከፎቆች መካከል ምሰሶውን ነቅሎ ወለሎቹን እንደ ማስቀረት ነው። ሂሳቡም እንዲህ ነው። ሁለት ኦክሲጅን አራት ኤሌክትሮን ይወስዳሉ፤ ኒዮዲሚየም ሦስት ይሰጣል፤ ለኒኬል የሚቀረው አንድ ብቻ መስጠት ነው።

በ2019 በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሃሮልድ ህዋንግ የሚመራው ቡድን ይህን መንገድ ተከትሎ ውጤት አገኘ። ከአምስቱ ኒዮዲሚየም አንዱን በስትሮንቲየም ተክተው በሌዘር ብርሃን ኃይል ከስትሮንቲየም ቲታኔት መደብ ላይ እጅግ ስስ ንጣፍ አሳደጉ። ከዚያም ንጣፉን ከካልሲየም ሃይድራይድ ጋር አየር በወጣለት የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አሽገው ከ260 እስከ 280 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ለጥቂት ሰዓቶች አቆዩት። ሃይድራይዱ ኦክሲጅኑን ሳበው፤ ንጣፉም ከ9 እስከ 15 ኬልቪን ባለው ክልል ሱፐርኮንዳክተር ሆነ።

ይህ የሙቀት መጠን በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ኦክሲጅን ከቦታው ለመንቀሳቀስ የሚበቃው፣ ከባዶቹ ብረቶች ግን ቦታቸውን እንዳይለቁ የሚያደርግ መካከለኛ ሙቀት መሆን አለበት። ቢያንስ ኦክሲጅኑ አይወጣም፤ ቢበዛ ክሪስታሉ ፈርሶ ኒኬሉ ተራ ብረት ሆኖ ይቀራል። በ2020 የወጡ ጥናቶች ደግሞ ይኸው ውሕድ በስስ ንጣፍ ሳይሆን በጅምላ ሲሠራ ሱፐርኮንዳክተር ሆኖ እንዳልተገኘ ገለጹ።

ሁለተኛው መንገድ ኦክሲጅን ማውጣት አያስፈልገውም። ሦስት ላንታነም፣ ሁለት ኒኬልና ሰባት ኦክሲጅን ያለበት ክሪስታል ነው፤ እኛ በአጭሩ 3-2-7 እንለዋለን። በ2023 በቻይና በጓንግጆ ከተማ በሱን ያትሰን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን ክሪስታል ከ14 ጊጋፓስካል በላይ፣ ማለትም ከአየር ግፊት 140,000 ያህል እጥፍ ጨቁነው በ80 ኬልቪን አካባቢ የሱፐርኮንዳክተርነት ምልክት አዩበት።

አሠራሩን በሚዛን እንጀምር። 10 ግራም 3-2-7 ለመሥራት 7.564 ግራም የላንታነም ኦክሳይድና 2.312 ግራም የኒኬል ኦክሳይድ ያስፈልጋል፤ የጎደለው 0.124 ግራም ኦክሲጅን ነው፤ እርሱም ከእቶኑ አየር ይገኛል። ከዚህ ላይ ለተማሪ ትልቅ ወጥመድ አለ። የላንታነም ኦክሳይድ በተከፈተ ጠርሙስ ውስጥ ከአየር ውኃ እየወሰደ ወደ ሃይድሮክሳይድ ይለወጣል። ሙሉ በሙሉ የተለወጠ እንደ ሆነ በሚዛኑ ላይ 7.564 ግራም ያነበብነው ነገር በእውነቱ 6.488 ግራም ኦክሳይድ ብቻ ይሰጣል፤ ይኸውም 14 በመቶ ጉድለት ነው። የላንታነምና የኒኬል መጠን ከ1.50 ወደ 1.29 ይወርዳል። አራት ላንታነም ለሦስት ኒኬል የሚይዘው የሌላው ክሪስታል መጠን 1.33 ስለ ሆነ ውጤቱ የፈለግነው ሳይሆን ወደ እርሱ ያዘነብላል፤ የኒኬል ኦክሳይድም ይተርፋል። ስለዚህ ዱቄቱን ከመመዘን በፊት አግሎ ማድረቅና ሳይቆዩ መመዘን ግዴታ ነው።

ዱቄቶቹ በደንብ ተፈጭተው ከተጋሉ በኋላ እንደ ዘንግ ተጨቁነው ይጠነክራሉ። ዘንጉም በእቶን ውስጥ ብርቱ ብርሃን በአንድ ነጥብ ላይ ተሰብስቦለት ይቀልጣል፤ የቀለጠው ክፍል ቀስ እያለ በዘንጉ ላይ ሲሄድ ከኋላው ክሪስታል ይረጋል። የቻይናዎቹ ተመራማሪዎች ይህን ያደረጉት በ15 ባር የኦክሲጅን ግፊት ውስጥ ነው።

ሚዛኑ ትክክል ቢሆንስ ይበቃልን? አይበቃም። በ2024 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት 3-2-7 ሁለት ዓይነት አደራረብ አለው። በአንደኛው የኒኬል ንጣፎች ሁለት ሁለት ሆነው ይደረደራሉ። በሁለተኛው አንድና ሦስት እየሆኑ ይፈራረቃሉ። አንድና ሦስት አራት ነው፤ ሁለትና ሁለትም አራት ነው። ስለዚህ የሁለቱም የኬሚካል ቀመር አንድ ሲሆን ሚዛንም ሆነ የኬሚካል ትንተና ሊለያቸው አይችልም፤ አደራረቡን ለይቶ የሚያሳየው ኤክስሬይን ወይም የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕን የመሰለ መሣሪያ ነው። በአንድ ናሙና ውስጥ ሁለቱም ተቀላቅለው ከተገኙ ተቃውሞው ሲጠፋ የትኛው እንዳጠፋው በምን እናውቃለን? የተሳሳተውን አደራረብ ይዞ የሚነሣ ቲዎሪ ስሌቱ ቢያምርም መሠረቱ አሸዋ ነው።

በ2024 መጨረሻ የህዋንግ ቡድን ሌላ ዘዴ አቀረበ። 3-2-7ን አቶሞቹ ይበልጥ በተቀራረቡ መደብ ላይ በስስ ንጣፍ ቢያሳድጉት መደቡ ራሱ ንጣፉን በጎን ስለ ጨቆነው ያለ ውጭ ግፊት ከ26 እስከ 42 ኬልቪን ባለው ክልል ተቃውሞው መውረድ ጀመረ። ይህም ጥያቄውን ከከባድ የግፊት መሣሪያ ወደ ብዙ ላቦራቶሪዎች አቀረበው።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀር ትምህርት አለ ብለን እናምናለን። የኒኬል ታሪክ የሚያሳየው ከመለኪያው በፊት አሠራሩ እንደሚቀድም ነው። የጠርሙስ ክዳን ከፍቶ የተወ እጅ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቁጥር ሁሉ ያበላሻል፤ ቁጥሩ ግን መበላሸቱን አይናገርም። ስለዚህ በሪፖርታችን ውስጥ ያገኘነውን ብቻ ሳይሆን ዱቄቱን እንዴት እንዳደረቅን፣ ስንት ሰዓት እንዳጋልንና የተበላሸው ናሙና ስንት እንደ ነበረ ጭምር ብንጽፍ ለሚከተለን ሰው መንገዱን እናሳጥርለታለን።