ለእርከን ቅየሳ የሚያገለግል የውሃ ልክ አመራረጥና አሰቃቀል

በጎጃም ደጋ እርከን በክረምት ሲደረመስ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ቆፋሪው ነው። አፈሩ አልተጠቀጠቀም፣ ቁመቱ አንሷል ይባላል። ይህ የሚያጋጥም ቢሆንም፣ እኛ ከዝናብ በኋላ የተናዱ እርከኖችን እየዞርን ስንለካ ደጋግመን ያገኘነው ስሕተት ዶማ ከመነሣቱ በፊት የተፈጸመ ነው። ችካሉ ሲተከል ውሃ ልኩ ከቦታው ውጭ ተሰቅሎ ነበር፤ ወይም ከተገዛ ጀምሮ ትክክለኛነቱ አልተፈተሸም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ቁፋሮው ሳይሆን፣ በኪስ ስለሚያዘው ስለዚህ ትንሽ መሣሪያ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት እናስረዳለን።

ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። አዳኝ በጠመንጃው ላይ ማነጣጠሪያ መነጽር ሲያስገጥም፣ መነጽሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ማሰሪያው ጥቂት ከተዛነፈ፣ በቅርብ የማይታወቀው ስሕተት መቶ ሜትር ላይ ዒላማ ያስታል። ስለዚህ አደን ከመውጣቱ በፊት ተኩሶ ይፈትሻል። እርከን ቀያሽ የሚያነጣጥረው በአረፋ ነው። እሱ ሲስት የሚከስረው ግን ጥይት ሳይሆን የሰው ማሳ ነው።

ደብረ ማርቆስ በዓመት በአማካይ 1,300 ሚሊሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ዝናብ በሚያጥርበት አገር እርከን ፍጹም አግድም ሆኖ ይሠራና የወረደውን ውሃ ሁሉ ይይዛል። በእኛ ደጋ እንዲህ ቢደረግ ውሃው ከእርከኑ ጀርባ ይተኛል፤ ሰብሉ ቢጫ ይሆናል፤ ወይም ውሃው ሞልቶ በላዩ ያልፋል። ስለዚህ ትርፉ ውሃ ቀስ ብሎ ወደ ማፋሰሻው እንዲሄድ እርከኑ በመቶ ሜትር ከ50 ሳንቲሜትር እስከ 1 ሜትር የሚደርስ ዝንባሌ ይሰጠዋል። ይህ በ10 ሜትር ገመድ ሲመነዘር ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ 5 ሳንቲሜትር ዝንባሌ በተፈለገበት ገመድ ላይ 5 ሳንቲሜትር ከተሳሳትን፣ ወይ ዝንባሌው ጨርሶ ጠፍቶ ውሃው ይቆማል፣ ወይም በእጥፍ ያድጋል። እርከን በአንድ ቦታ ሲበጠስ የተጠራቀመው ውሃ የታችኛውን ይመታል፤ የታችኛውም የበታቹን። ያልነበረ ቦረቦር በአንድ ሌሊት በማሳው መካከል ይከፈታል። ባለማሳው በሚቀጥለው ዓመት የቀረውን እርከን በማረሻ ቢያፈርሰው አንፈርድበትም።

በዝንባሌ የተቀየሰ እርከን በአካባቢያችን አዲስ ነገር አይደለም። ከደንበጫ በስተሰሜን በምትገኘው አንጀኒ በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። በ1978 ዓ.ም. 113 ሄክታር ገደማ የሚሆነው ተፋሰስ ፋንያ ጁ በሚባለው እርከን ተሠራ። ቃሉ የስዋሂሊ ሲሆን ከቦዩ የሚወጣው አፈር ወደ ላይኛው በኩል መጣሉን ያመለክታል። የአንጀኒ ዝናብ በዓመት ከ1,600 ሚሊሜትር በላይ ስለሆነ እርከኖቹ የተቀየሱት በዝንባሌ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በመካከላቸው ያለው መሬት እየተደለደለ ደረጃ የመሰለ ማሳ ሆነ።

ለዚህ ቅየሳ የሚስማማው ባለሙያዎች ላይን ሌቭል የሚሉት የገመድ ውሃ ልክ ነው። የጣት ርዝመት ያለው ቱቦ ሆኖ በሁለቱም ጫፎቹ መንጠቆ አለው። አንዳንድ ቦታ ይህ ሲጠፋ የግንበኛ ውሃ ልክ በገመድ ላይ ሲንጠለጠል አይተናል፤ ክብደቱ ገመዱን ስለሚያረግበው አይሠራም። ሲገዛ በመጀመሪያ የሚታዩት መንጠቆዎቹ ናቸው፤ ቁመታቸው እኩል፣ አቅጣጫቸው አንድ መሆን አለበት። ብልቃጡ በቤቱ ውስጥ የሚነቃነቅ ከሆነ አይገዛ። አረፋው በሁለቱ መስመሮች መካከል ልክ የሚገባ ይሁን፤ ከመስመሮቹ ውጭ የተረፈ ትልቅ አረፋ ፈሳሹ መቀነሱን ያሳያል።

ማኅበር በብዛት ሲገዛ አንዱን ናሙና ማየት አይበቃም። ገመድ ይዞ ሄዶ እያንዳንዱን በሱቁ በር ላይ መፈተሽ ይገባል፤ ባለሱቁ ቢያጉረመርምም ይታገሡት። አፈታተሹ ቀላል ነው። ገመዱ ይወጠርና አረፋው መካከል እስኪቆም አንዱ ጫፍ ከፍ ዝቅ ይደረጋል። ከዚያ ገመዱ ሳይነቃነቅ ውሃ ልኩ ተነሥቶ፣ ቀኙ ወደ ግራ ዞሮ፣ በዚያው ቦታ ይሰቀላል። አረፋው እንደገና መካከል ከቆመ መሣሪያው እውነተኛ ነው። ወደ አንድ ወገን ከሸሸ ይመለስ። መሣሪያው አንዴ ከተገዛ በኋላ መዛነፉ ሜዳ ላይ ቢታወቅና ሌላ ባይኖር፣ በየልኬቱ እያፈራረቁ አዙሮ መስቀል የአንዱን ስሕተት በሌላው ያጣፋዋል።

ደኅናው ውሃ ልክ ግን በመጥፎ አሰቃቀል ይበላሻል። ገመድ የቱንም ያህል ቢወጠር ጥቂት ይረግባል። አግድም የሚሆነው በትክክል መካከሉ ላይ ብቻ ነው፤ ከመካከሉ ሲወጣ ወደ አንድ ጫፍ ሽቅብ ይሄዳል። በ10 ሜትር ገመድ ላይ ርግበቱ 10 ሳንቲሜትር ሆኖ ውሃ ልኩ ከመካከሉ ግማሽ ሜትር ቢርቅ፣ አረፋው መካከል ቆሞ ሳለ የገመዱ ጫፎች ከ2 እስከ 4 ሳንቲሜትር ይለያያሉ። ይህ የሚጠራቀም ስሕተት ነው። እኛም ሥራ በጀመርንበት ዓመት አላመለጥነውም። የገመዱ አንድ ጫፍ ተበጥሶ እንደገና ሲታሰር አጠረ፤ የመካከሉ ምልክት ግን በቀድሞ ቦታው ቀረ። ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ወገን እየተሳሳትን ቀየስን፤ በሐምሌ ውሃው ወደ ማፋሰሻው መሄዱን ትቶ መሐል ላይ ተኛ። ሁለቱ አርሶ አደሮች ጤፋቸውን ሲያጡ እኛ ደመወዛችንን አላጣንም።

ስለዚህ ገመዱ ቀጭን የናይለን ሲባጎ ይሁን፤ ቃጫ ጤዛ ሲነካው ርዝመቱ ይለዋወጣል። ሁልጊዜ ጠዋት ተወጥሮ፣ ለሁለት ታጥፎ መካከሉ ይፈለግ። ከምልክቱ ወዲህና ወዲያ በቀለም ክር ቋጠሮ ቢደረግ ውሃ ልኩ አይንሸራተትም። አንባቢው ገመዱን ሳይነካ፣ ዓይኑን ከአረፋው ትይዩ አድርጎ ያንብብ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ገመዱ ስለሚወዛወዝ ቅየሳውን በጠዋት መጨረስ ይመረጣል።

ዘንጎቹ ሁለት ሜትር የሚሆኑ ደረቅ እንጨቶች ናቸው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል። እግራቸው በቆርቆሮ ቢለበጥ አይበላም፤ በዋልካ መሬትም ቶሎ አይሰምጥም። ዘንግ ያዡ ቀጥ አድርጎ እንዲያቆም ከዘንጉ ጎን ቱምቢ ማንጠልጠል ይጠቅማል።

ዝንባሌ ሲሰጥ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ቦታ እዚህ ነው። ውሃው ከሚነሣበት በኩል ባለው ዘንግ ላይ ገመዱ በ1 ሜትር ቢታሰር፣ ውሃው ወደሚሄድበት በኩል ባለው ዘንግ ላይ በ1 ሜትር ከ5 ሳንቲሜትር ይታሰራል። ገመዱ አግድም ሲሆን መሬቱ በዚያ በኩል 5 ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ተገላብጦ ከታሰረ ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል። ፍጹም አግድም እርከን ሲቀየስ የኋላው ዘንግ የፊተኛውን አልፎ መሄድ ይችላል፤ በዝንባሌ ሲቀየስ ግን ዘንጎቹ ቦታ መለዋወጥ የለባቸውም። ከማፋሰሻው ተነሥቶ ወደ ላይ መቀየስ ቢመረጥም ከፍ ያለው ምልክት ሁልጊዜ በማፋሰሻው በኩል ይሁን። አንዱን ዘንግ ቀይ ቀለም መቀባት ከብዙ ማስጠንቀቂያ ይሻላል።

በወረዳ ጽሕፈት ቤት አብኒ ሌቭል የሚባለው በዓይን የሚታይበት ቱቦ ውሃ ልክ ካለ ለረጅም ማፋሰሻ ያገለግላል። በእጅ ብቻ ይዞ ማየት ግን አያስተማምንም፤ ክንድ ይደክማል፣ ወገብም ይጎብጣል። 1 ሜትር ከ50 በሆነ ዘንግ ጫፍ ላይ ቱቦው የሚቀመጥበት ለስላሳ ጎድጓዳ ተቀርጾ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ በተቆረጠ ማሰሪያ በሁለት ቦታ ይጥበቅ። በሽቦ የታሰረ ቱቦ ይላላል፤ ሽቦውም ነሐሱን ይፍቀዋል። ለመፈተሽ በ20 ሜትር ርቀት ሁለት ችካሎች ይተከላሉ። ከቱቦው መሐል እስከ ዘንጉ እግር ያለው ቁመት በትክክል 1.50 ሜትር ሆኖ፣ ከአንዱ ችካል በሌላው ላይ የቆመው መለኪያ ዘንግ ይነበባል፤ ከዚያም ቦታ ተለዋውጦ ይነበባል። የሁለቱ ንባቦች ድምር 3 ሜትር መሆን አለበት። 3 ሜትር ከ10 ቢሆን በየንባቡ 5 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ወይ ማስተካከያው ይነካ፣ ወይ አሠሳሰሩ ይታይ።

ችካሉ ከተተከለ በኋላ ከባለማሳው ጋር መስመሩን በእግር መሄድ ያስፈልጋል። አርሶ አደሩ በየዓመቱ በበሬ የሚያወጣው ፈሰስ ውሃው ከየት ወዴት እንደሚፈልግ ያሳያል፤ አዲሱ እርከን ፈሰሱን በሚያቋርጥበት ቦታ ስለ መውጫው ተነጋግሮ መስማማት ይገባል። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ እንደ ጣለ አካፋ ይዞ ተመልሶ መሄድ ነው። ውሃ የተኛበት ቦታ ካለ ከዚያ እስከ መውጫው ያለው የቦዩ ወለል ይጠረጋል፤ እርከኑ ራሱ አይቀደድ። ቦታው በችካል ተለይቶ በበጋው ውሃ ልኩ እንደገና ይሰቀልበታል።