የእስስት ግልገል ስለ ምን አትበላም?

ከብት የሚጠብቅ ልጅ ዐይኑ ስለታም ነው። መንገደኛው ቅጠል ነው ብሎ የሚያልፈውን ነገር እርሱ ቆሞ ይመለከተዋል፤ «ቅጠሉ» ዐይኑን ወዲያና ወዲህ ሲያዞር ባየ ጊዜም እስስት መሆኗን ያውቃል። በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ አገር ከእንዲህ ካሉት እረኞች አንዳንዶቹ ትንሿን እስስት በጭራሮ ላይ አስይዘው ወደ ቤት ያመጧታል። በመጀመሪያው ቀን ቤተ ሰቡ ሁሉ ይደነቃል። በሁለተኛው ቀን ልጁ የእንጀራ ፍርፋሪና በጣሳ ውኃ ያቀርብላታል። በሦስተኛው ቀን እስስቲቱ ጠቍራ፥ ዐይኗን ጨፍና፥ ከአንድ ጥግ ተለጥፋ ትገኛለች። ያን ጊዜ ልጁ ወደ እናቱ ወይም ወደ መምህሩ ሄዶ «ስለ ምን አትበላም?» ብሎ ይጠይቃል።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፥ ይህ ጥያቄ የልጅ ጥያቄ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም። በልጁ እጅ ያለችው ነፍስ ናት፤ መልሱም ከዘገየ ትሞታለች። በአጭሩ ለመናገር፥ የእስስት ግልገል ከመብል አስቀድሞ ሦስት ነገሮች ያስፈልጓታል፤ እነርሱም ፀሐይ፥ የውኃ ጠብታና ጸጥታ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ፥ የቀረበላት መብል ምንም ያህል ቢበዛ አትነካውም። ይህንንም ከዚህ ቀጥለን በየተራው እንመለከታለን።

እስስት ምን ዐይነት ፍጥረት ናት?

እስስት ከእንሽላሊት ጋር የምትዘመድ እንስሳ ናት። በዓለም ላይ ከ200 የሚበልጡ የእስስት ዐይነቶች ይታወቃሉ፤ ግማሽ ያህሉም የሚገኙት በማዳጋስካር ደሴት ነው። በአገራችን በቆላውም በደጋውም ልዩ ልዩ ዐይነቶች አሉ። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1831 እስከ 1833 ድረስ አገራችንን ተዘዋውሮ ካየ በኋላ፥ አንዲቱን የኢትዮጵያ ደጋ እስስት በ1845 ለሳይንስ ዓለም አስተዋውቋታል። በባሌ ተራራ በሐረና ደን ደግሞ በሌላ አገር የማይገኙ የእስስት ዐይነቶች ይኖራሉ።

በግሪክ ቋንቋ የተሰጣት ስም «የምድር አንበሳ» ማለት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት ተንቀሳቃሾች ጋር ተቈጥራለች፤ ነገር ግን ሕጉ የተነገረው ስለ መብል ነው እንጂ እንስሳዪቱን ለማሠቃየት ፈቃድ የሚሰጥ አይደለም። መርዛም ናት ብለው የሚፈሯትና በድንጋይ የሚወግሯት ሰዎችም አሉ። እስስት ግን መርዝ የላትም።

ጠባዩ የሚለዋወጠውን ሰው «እስስት» ብሎ መስደብ የቈየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ እስስት መልኳን የምትለውጠው ሰውን ለማታለል አይደለም። በስዊትዘርላንድ የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 እንዳስረዱት፥ ከቆዳዋ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የሆኑ እንደ ብርሌ የሚያበሩ ቅንጣቶች ተሰልፈው ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲሰፋና ሲጠብ መልኳም አብሮ ይለወጣል። በመልኳም ብርድን፥ ፍርሃትንና ቍጣን ትገልጻለች። ስለዚህ የሚጠብቃት ሰው መልኳን እንደ ፊደል ማንበብ ይገባዋል። በቀን ጠቍራ የምትታይ እስስት ብዙውን ጊዜ ወይ በርዷታል ወይ ፈርታለች። ሌሊት ተኝታ ሳለች መልኳ ቢነጣ ግን ደኅና ናት።

አንደኛ፤ ፀሐይ

እኛ ሰዎች ሙቀታችንን ከምንበላው እህል ከውስጣችን እናወጣለን። እስስት ግን ሙቀቷን የምታገኘው ከውጭ ነው። የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጕር የተሠራውን ባና ቢደርብ፥ ባናው የገላውን ሙቀት ስለሚይዝለት ይሞቀዋል። ልጁ አዝኖላት እስስቲቱን በባና ቢጠቀልላት ግን ከገላዋ የሚወጣ ሙቀት ስለሌለ ባናው ብርዷን አቅፎ ያስቀምጣል እንጂ አያሞቃትም። ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥም ጭሱና ፍሙ ይጐዳታል። መድኀኒቷ ቀጥተኛ ፀሐይ ነው።

በደጋው ይህ ነገር እጅግ ያስፈልጋል። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ የጓሳው ሣር ምድር ደግሞ ከ3200 ሜትር በላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ አመዳይ ይጥላል። እንዲህ ባለው ማለዳ እስስት አልበላም ብትል ታማለች ማለት አይደለም፤ ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ነው። ከመርሐ ቤቴ ወደ ጀማ ሸለቆ በወረዱ ቍጥር ደግሞ አየሩ ይሞቃል። ስለዚህ ከቆላ የተገኘችውን እስስት ወደ ደጋ ይዞ መውጣት ለብርድ አሳልፎ መስጠት ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ሁለት ተመራማሪዎች የየመንን እስስት በ15፥ በ25ና በ35 ዲግሪ ሙቀት መርምረው የሚያስደንቅ ነገር አግኝተዋል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲቀንስ፥ እስስቲቱ ምላሷን የምትወረውርበት ፍጥነት ከ10 እስከ 19 በመቶ ብቻ ይቀንሳል፤ መልሳ የምትሰበስብበት ፍጥነት ግን ከ42 በመቶ በላይ ይወርዳል። ምክንያቱም መወርወሩ አስቀድሞ እንደ ተወጠረ ቀስት ስለ ሆነ ብርድ ብዙ አይጐዳውም፤ መሰብሰቡ ግን የጡንቻ ሥራ ነው። ሆዷም እንደ ጡንቻዋ ሙቀትን ይሻል፤ ካልሞቀች የዋጠችው ነገር አይፈጭላትም። ስለዚህ መብል የሚቀርብላት ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ነው።

የፀሐይ ብርሃን አጥንቷንም ያጸናል። ይሁን እንጂ በመስኮት መስታወት ያለፈ ፀሐይ ለአጥንት የሚጠቅመው የብርሃን ክፍል ስለሚቀርበት በቂ አይሆንም። ደግሞም ፀሐይ በዝቶ እንዳይገድላት፥ የምትቀመጥበት ቅርንጫፍ እኩሌታው በፀሐይ፥ እኩሌታው በጥላ ይሁን፤ የሚሻላትን ራሷ ትመርጣለች። አፏን ከፍታ መልኳ ከነጣ፥ ሙቀቱ በዝቶባታልና ፈጥኖ ወደ ጥላ መውሰድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ የውኃ ጠብታ

ልጆች በጣሳ ወይም በሸክላ ውኃ ያቀርቡላትና ሳትጠጣ ስትቀር ይገረማሉ። እስስት ግን በዕቃ ውስጥ የረጋውን ውኃ ልብ አትለውም። በዱር የምትጠጣው በቅጠል ላይ ያለውን የማለዳ ጤዛና የዝናብ ጠብታ ነው። ጠብታው ሲያብረቀርቅ አይታ ትቀርብና ትልሰዋለች።

ስለዚህ ቅጠል የበዛበት ቅርንጫፍ አቁሞ፥ ማለዳ ፀሐይ ከሞቀች በኋላና ከቀትር በኋላ በጣት ወይም በቅጠል እስር ውኃ መርጨት ይበቃል። ሲመሽ መርጨት ግን ለሌሊቱ ብርድ ስለሚያጋልጣት አይገባም። የውኃ ጥም ምልክቱ የዐይኗ መጐድጐድ ነው። እንዲህ ሆና ከታየች መብሉን ትቶ ውኃውን ማስቀደም ነው፤ የተጠማች እስስት አትበላምና።

ሦስተኛ፤ ጸጥታ

እስስት ሁለቱን ዐይኖቿን ለየብቻ ስለምታዞር፥ ባንዱ ዝንብ ስትመለከት በሌላው ጠላት ትጠብቃለች። ዐሥር ልጆች ከበዋት ሲንጫጩ ሁሉም በዐይኗ ፊት ጠላት ነው፤ ጠላት እያየም ማን ይበላል? ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ማሻሸትም እንዲሁ ያስጨንቃታል።

ቅርንጫፏ ከሰው ዐይን ከፍ ብሎ ቢቆም ትረጋጋለች፤ ከላይ የሚመጣባት ጥላ ያስፈራታልና። ዶሮና ድመት እንዳይደርሱባት መጠንቀቅ ነው። ሁለት እስስት ተገኝቶ እንደ ሆነም ለየብቻ መቀመጥ አለባቸው፤ አንዲቱ ሌላዪቱን እያየች በፍርሃት ትጾማለችና። መብሏን ካቀረቡ በኋላ ራቅ ብሎ መቀመጥ፥ ወይም ትቷት መሄድ መልካም ነው።

መብሏና አቀራረቡ

ሦስቱ ከተሟሉ በኋላ መብሉ ይቀርባል። እንጀራ፥ ቈሎ፥ ወተት መብሏ አይደለም። እስስት የምትበላው ሕይወት ያላቸውን፥ የሚንቀሳቀሱትን ጥቃቅን ነፍሳት ነው፤ የማይንቀሳቀሰውን ነገር እንደ መብል አትቈጥረውም። መጠኑም ከአፏ ስፋት መብለጥ የለበትም። ትልቅ ፌንጣ የቀረበላት ግልገል ከመብላት ይልቅ ፈርታ ታፈገፍጋለች።

ለደቃቋ ግልገል የሚስማማው በጠላ አተላና በበሰበሰ ፍሬ ላይ የሚንጋጋው ትንሹ ትንኝ ነው። ጥቂት አተላ ወይም የሙዝ ልጣጭ በስኒ አድርጎ ከቅርንጫፏ ሥር ማስቀመጥ ነው፤ ትንኙ ራሱ መጥቶ በዙሪያዋ ይበራል። እርሷም የሚበቃትን ትለቅማለች። ከፍ ስትል ትንሽ ዝንብ፥ የእሳት ራትና ጨቅላ ፌንጣ ይጨመርላታል። ግልገል በማደግ ላይ ስለ ሆነች በየቀኑ ጥቂት በጥቂት መብላት ይገባታል። ጉንዳን፥ ንብና ጠጕራም አባጨጓሬ አይሰጧትም። የተባይ መድኀኒት ከተረጨበት እርሻ የተለቀመ ነፍሳትም መርዙን ወደ እርሷ ያሻግራልና መጠንቀቅ ነው። መብሏ ልዩ ልዩ ቢሆን አጥንቷ ይጠነክራል፤ በውጭ አገር የሚያሳድጓት ሰዎችም ስለዚሁ በነፍሳቱ ላይ የካልሲየም ዱቄት ይነሰንሳሉ።

ምላሷ ከገላዋ ይልቅ ይረዝማል። የቤልጅግ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 እንደ ገለጹት፥ በምላሷ ጫፍ ያለው ልጋግ ከሰው ምራቅ 400 ጊዜ ያህል የወፈረ ስለ ሆነ የነካውን ነፍሳት አጣብቆ ይይዛል። ይህ ብርቱ መሣሪያ ግን ለሰው እጅ ስስ ነው። ስለዚህ አፏን በኀይል ከፍቶ መብል መክተት ፈጽሞ አይገባም፤ መንጋጋዋ ይሰበራል፥ ምላሷም ይጐዳል። ምላሷ የተጐዳ እስስት ደግሞ ዝንብ በዙሪያዋ እየበረረ በረኃብ ትሞታለች።

ባትበላስ?

ፀሐይ፥ ውኃና ጸጥታ ተሟልተው በሁለት ቀን ውስጥ ካልበላች፥ ሦስተኛውን ቀን መጠበቅ አያስፈልግም። ፀሐይ በሞቀች ጊዜ፥ ከተገኘችበት ቍጥቋጦ ላይ፥ በዚያው ቅርንጫፍ መመለስ ነው። በሌላ ስፍራ መጣል አይበጅም፤ ብርዱ ሌላ፥ ጥላው ሌላ፥ ነፍሳቱም ሌላ ነውና።

የዱር እንስሳን መያዝ የመንግሥት ፈቃድ የሚያሻው ጉዳይ መሆኑንም ወላጆች ለልጆቻቸው ያስረዱ። እስስት በባሕር ማዶ በገንዘብ የምትሸጥ እንስሳ ስለ ሆነች፥ ለመጥፋት የሚያሰጉ የዱር አራዊትና ዕፀዋት ንግድ በሚመራበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥበቃ ተደርጎላታል። ኢትዮጵያም ወደዚህ ስምምነት የገባችው በ1981 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ምንም ያህል ዋጋ ቢጠራ፥ ከልጅ እጅ እስስት ለሚገዛ መንገደኛ መስጠት አይገባም።

አንድን ፍጥረት ከስፍራው ያነሣ ሰው ስፍራው ያደርግለት የነበረውን ሁሉ በራሱ ላይ ይወስዳል። ቀጋው ጥላ ይሰጣት ነበር፤ ጤዛው ያጠጣት ነበር፤ ተራራውም በማለዳ ፀሐይ ያሞቃት ነበር። ልጁ እነዚህን ሁሉ መተካት እንዴት አድካሚ እንደ ሆነ ካወቀ፥ ስለ እስስት ብቻ ሳይሆን ስለሚጠብቃቸው በጎችና ነገ ስለሚወልዳቸው ልጆች ትልቅ ነገር ተምሯል።

እስስትን ማወቅ ለሚወድ ልጅ ከመያዝ የሚሻል መንገድ አለ። ደብተርና እርሳስ ይዞ፥ ከቍጥቋጦው ዐሥር እርምጃ ያህል ርቆ ይቀመጥ። በስንት ሰዓት ወደ ፀሐይ እንደ ወጣች፥ መልኳ መቼ ከጥቁር ወደ አረንጓዴ እንደ ተመለሰ፥ የመጀመሪያውን ዝንብ መቼ እንደ ያዘች ይጻፍ። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ካደረገ ከብዙ መጻሕፍት የማይገኝ እውቀት ያገኛል፤ እስስቲቱም ሆዷን ሞልታ ታድራለች።