አረንጓዴው እርሾ

ከአዳማ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ቢሾፍቱ ዙሪያ ካሉት የእሳተ ገሞራ ሐይቆች አንዱ ስሙን ያገኘው ከመልኩ ነው። በአማርኛ «አረንጓዴ» ይባላል፤ በኦሮምኛ ሆራ ሐዶ። ውኃውን ያረነገደው ሣርም ቅጠልም አይደለም። በዓይን የማትለይ፣ እንደ ሞላ የተጠማዘዘች ፍጥረት ናት። የትምህርት መጻሕፍት ዋቅላሚ፣ ገበያው አልጌ ይላታል። ሳይንቲስቶች የሚመድቧት ከባክቴሪያ ወገን ነው። በዱቄትና በእንክብል ስትሸጥ የምትጠራበት ስም ስፓይሩሊና ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 ታሊንግ፣ ውድ፣ ፕሮሰርና ባክስተር የተባሉ አራት ተመራማሪዎች ስለ አረንጓዴና ስለ ጎረቤቱ ኪሎሌ ሐይቅ አንድ ጥናት አሳተሙ። የያዙት ጥያቄ በውኃ ውስጥ ያለ ሕይወት ከፀሐይ ብርሃን እስከ ምን ድረስ ምግብ መሥራት ይችላል የሚል ነበር፤ የዚህን ጣሪያ ማስረጃ ያገኙት እዚሁ ቢሾፍቱ ነው። ምክንያቱ ሶዳው ነው። የሶዳ ሐይቅ ለስፓይሩሊና የማያልቅ የካርቦን ጎተራ ነው፤ ያ የሚያንገበግብ ውኃ ደግሞ አብዛኞቹን ተፎካካሪዎቿን ያባርርላታል። ኦሮምኛ ተራውን ሐይቅ «ሃሮ»፣ ከብት ለማዕድኑ የሚነዳበትን ውኃ «ሆራ» ብሎ የለየው ከማንም የላቦራቶሪ መለኪያ በፊት ነው።

ወደ ደቡብ፣ ከሻላ ሐይቅ ግርጌ ያለችው ትንሿ ጭቱም የዚሁ ዘር ናት። ፍላሚንጎዎች የሚሰፍሩባት ስፓይሩሊናውን እያጠለሉ ለመብላት ነው። ኤልሳቤጥ ከበደ በ1990ዎቹ አጋማሽ ለኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ሥራቸው የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ሲያጠኑ፣ የጭቱን ስፓይሩሊና ወደ ላቦራቶሪ ወስደው ብርሃንን እንዴት እንደምትጠቀም፣ ጨውንም እንዴት እንደምትቋቋም ፈትነዋል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 እና 1997 ታትሟል። ሌላው ኢትዮጵያዊ አምሃ በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 ከውድ ጋር ስለ አምስት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጽፈው ነበር። ቆይተው በካሊፎርኒያ በረሃ፣ ኧርዝራይዝ በተባለው ግዙፍ የስፓይሩሊና እርሻ የሳይንሱ ኃላፊ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ስፓይሩሊና ለሰው ምግብነትና ጤና ስላላት ነገር መጽሐፍ በጋራ አዘጋጁ። እንግዲህ ሐይቁም ዕውቀቱም ከኛ ነበር፤ እርሻው ግን በካሊፎርኒያ በቀለ።

መብላቱም ቢሆን የሌሎች ነው። በቻድ የካኔም ሴቶች ከትናንሽ የሶዳ ኩሬዎች ዳር አረንጓዴውን አተላ በእንስራ ያወጣሉ፣ አሸዋ ላይ ዘርግተው እንደ ቂጣ ያደርቁታል፣ «ዲሄ» ብለው በወጥ ይበሉታል። ሜክሲኮ ላይ አዝቴኮች ከቴክስኮኮ ሐይቅ እየለቀሙ ይመገቡት ነበር። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ባህል ያልተፈጠረው ለምን እንደሆነ የራሴ ግምት አለኝ፦ ሽሮ ያለው ሕዝብ የሐይቅ አተላ አይቀምስም።

ሐይቆቹ ራሳቸው ለዘላለም አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1989 የሞጆ ወንዝ ለመስኖ ተብሎ ወደ ኪሎሌ ተጠለፈ፤ ሶዳው ቀጠነ፣ ስፓይሩሊናውም ጠፋ። ያ ጣሪያ የተለካበት ውኃ ዛሬ ሌላ ውኃ ነው። አብያታ ሐይቅም ሲሸሽ ዓመታት ሆኖታል።

ስፓይሩሊናን ቤት ውስጥ ማብቀል ይቻላል፤ ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን የአዳማ ሰው በደንብ የሚያውቀውን ሌላ አረንጓዴ ላንሳ፤ ቆቃን። የቆቃ ግድብ ውኃ የሚያረነግደው በማይክሮሲስቲስ ነው። እሷም ያው ከባክቴሪያው ወገን ናት፤ የምታመነጨው መርዝ ግን ጉበት ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰባት የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ የታተመ ጥናት ቆቃ ላይ ይህንኑ መርዝ አግኝቷል። ሁለቱን አረንጓዴዎች በዓይን፣ በአፍንጫ ወይም በምላስ መለየት አይቻልም፤ ማይክሮስኮፕ ግድ ነው። ስለዚህ ከሐይቅ በጀሪካን ቀድቶ «ዘር አመጣሁ» ማለት የለም፤ ከጭቱም ቢሆን። የሐይቅ ውኃ የወፍ ኩስና ሌሎች ዋቅላሚዎችን ይዞ ይመጣል፣ ፍሎራይዱም ከባድ ነው፤ ጭቱ ደግሞ የፓርክ ክልል ውስጥ ናት።

የማብቀሉ አሠራር ጠላ ከመጥመቅ አይከብድም፤ ንጽሕናው ግን ይበልጠዋል። አንድ ካሬ ሜትር ስፋት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ 200 ሊትር ይይዛል። ለምግብ የሚሆን ፕላስቲክ የተነጠፈበት የእንጨት ሳጥንም ይበቃል። ዛሩክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው የታወቀ ቀመር ለአንድ ሊትር 16.8 ግራም ቢካርቦኔት ይጠይቃል፤ ለዚህ ገንዳ ከሦስት ኪሎ በላይ መሆኑ ነው። ትንንሽ አምራቾች በግማሹ ያህል ይሠራሉ። በዚያ ላይ ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ፖታሽየም፣ ጥቂት ጨውና ቅንጣት ብረት ይጨመራል። የእርሻ ማዳበሪያ ርካሽ ነው ብሎ መጨመር ስህተት ነው፤ ለሰው ምግብ ተብሎ የተጣራ አይደለም።

ስፓይሩሊና 35 ዲግሪ አካባቢ ትፈነጥዛለች፤ ከ20 በታች ትተኛለች። የአዳማ ቀን ይመቻታል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አይመቻትም። ስለዚህ ገንዳው ግልጽ ፕላስቲክ ይለብሳል። ፕላስቲኩ ለአቧራውም ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ኮረብታው ላይ 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ተርባይኖች የተተከሉበት ከተማ ስለ ንፋስ ምክር አይሻም። ገና ያልወፈረው አረንጓዴ ውኃ በቀጥታ ፀሐይ ከተመታ ይነጣል፣ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥላ ይፈልጋል። በቀን ብዙ ጊዜ መማሰል አለበት፤ የዓሣ ማሳያ ሣጥን የሚነፋ ትንሽ ፓምፕ ይህን ይሠራል። ውኃው ቢጫ ከሆነ ወይም እንደ አሞኒያ ከሸተተ ማዳን አይሞከርም፤ ይደፋል።

ምርቱ በጠዋት በጥቅጥቅ ጨርቅ ይጠለላል፣ ይጨመቃል፣ ውኃው ወደ ገንዳው ይመለሳል። ጨርቁ ላይ የሚቀረው ሊጥ የዚያኑ ቀን ካልተበላ፣ በስሱ ተዘርግቶ ከ60 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት እስኪሰበር ድረስ ይደርቃል። ብዙ ጀማሪዎች የሚከስሩት በማብቀሉ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው፤ በደንብ ያልደረቀ ስፓይሩሊና እንደ ሥጋ ይበላሻል። ሲቀናው አንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ5 እስከ 10 ግራም ደረቅ ይሰጣል፤ ይህ አንድ ሰው በቀን የሚወስደው መጠን ነው።

ውኃው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በወንጂ የስኳር እርሻ የጉድጓድ ውኃ ሲጠጡ የኖሩ ሠራተኞች ጥርስ ብቻ ሳይሆን አጥንትም በፍሎራይድ መጎዳቱ በሐኪሞች ተመዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የፈቀደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ገንዳ ሲተን የሚሄደው ውኃው ብቻ ነው፣ ፍሎራይዱ ይቀራል፤ አንተ በላዩ ላይ ስትሞላ፣ እንደገና ሲተን፣ መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ከጉድጓድ ውኃ ይልቅ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣው የአዳማ ቧንቧ ይሻላል፤ ክሎሪኑ እንዲወጣ ሳይከደን አንድ ቀን ማሳደር ነው። የክረምት የጣራ ውኃም፣ ጣራው ንጹሕ ከሆነ፣ አይናቅም።

ስለ ጥቅሙ የሚወራው ብዙ ነው፤ እውነቱ መጠነኛ ነው። የደረቀ ስፓይሩሊና ከ60 እስከ 70 በመቶ ፕሮቲን መሆኑ ትክክል ነው። ነገር ግን 10 ግራሙ የሚሰጠው 6 ግራም ፕሮቲን ያህል ነው፤ አንድ እንቁላል ወይም 25 ግራም ደረቅ ምስር የሚሰጠውን ማለት ነው። ምስሩ ደግሞ ገንዳ አይፈልግም። የብረትና የቤታ ካሮቲን ምንጭነቷ ከፕሮቲኗ ይልቅ ይማርከኛል። ጾመኛ ግን አንድ ነገር ይወቅ፦ እንክብሉ ላይ «ቢ12» ተብሎ የሚጻፈው በአብዛኛው ሰውነታችን የማይጠቀምበት ዓይነት ነው፤ በዚያ ተማምኖ ሐኪም ያዘዘውን መተው አይገባም። ጣዕሟ የዓሣና የሣር ድብልቅ ነው። ልትለምዳት የምትፈልግ ከሆነ ከእሳት ከወረደ በኋላ ሽሮ ላይ ትንሽ ነስንስባት፤ በርበሬው ይሸፍናታል፣ ቀለሙን ግን ምንም አይሸፍነውም።

እንጀራ የሚጋግር ቤት እርሾ ሲያልቅበት ጎረቤት ያንኳኳል። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ ፀሐዩ አለ፣ ገንዳ ይሠራል፣ ቢካርቦኔት ይገዛል። የሚያስፈልገው በማይክሮስኮፕ የታየ፣ መርዝ እንደሌለው የተመረመረ ንጹሕ እርሾ ነው። ባቱ ላይ የዓሣና የሌሎች የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፣ አዳማ ላይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከሁለቱ አንዱ የጭቱን ወይም የአረንጓዴን ዘር አጥርቶ ቢያኖር፣ ደጁን ለሚያንኳኳም በጠርሙስ ቀድቶ ቢሰጥ፣ የሚቀረውን እኛ እንሞክረዋለን።